እናቱ አትንካው

ጆይሽቶ 2

የጆይሽቶ ወር ገብቶ ማንጎው መውደቅ ጀምሯል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔ ብቻ ፊቴን አጨፍግጌ ዋልኩ። ማንጎ በወደቀ ቁጥር ልጅ ይሮጣል። የዚህ መንደር ማንጎ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ኩሬ ዳር በቅሎ ኩሬ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

የሕፃናት ማቆያው ዛሬ ሞልቶ ነበር። ሹርማ፣ ረዳቴ፣ የቀርከሃውን በር መቀርቀሪያ ረስታ አገኘኋትና ጮህኩባት። «ሞርጂና አፓ፣ አንቺ እኮ ወታደር መሆን ነበረብሽ» አለችኝ እንደ ታላቅ እህት እየጠራችኝ፣ እየሳቀች። ትሳቅ። እናቶቹ ሩዝ ሲቀቅሉና ማሳ ሲያርሙ ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው፤ የቀትር አዛን ሲል እያንዳንዱን ከእጄ ወደ እናቱ እጅ አስረክባለሁ። ለታላቅ እህት አልሰጥም፤ «እዚሁ ጎረቤት ነኝ» ለሚልም አልሰጥም።

ልጄ ጆባ ሦስት ዓመት ሞላት። ተመዝዛለች። አማቴ የወንድሟን የሮቶንን ቀይ ሸሚዝ ከሣጥን አውጥተው «ልኳ ነው፣ አልብሻት» አሉኝ። ጠባብ ነው ብዬ መለስኩት። ልኳ ነበር።

ጆይሽቶ 5

ሙቀት። ራሴን ያዞረኛል። የጎረቤቴ የኮሂኑር ልጅ፣ ላቡ የሚሉት፣ በሩን ለመዝለል ሞከረ፤ በሱሪው ይዤ አወረድኩት። ያ ልጅ ድመት ነው። ደግሞ ሳወርደው ቀና ብሎ አይቶኝ ሳቀብኝ፤ ጥርሱ ሁሉ ማንጎ ነው። ልቆጣው ብዬ ሳቄ አመለጠኝ።

ጆይሽቶ 9

የዚህ አካባቢ የማቆያ እናቶች ሁሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበን ሥልጠና ወሰድን። አሠልጣኟ ከከተማ የመጣች፣ መነጽር ያደረገች ልጅ እግር ናት። የጎማ አሻንጉሊት ይዛ መጥታ ውሃ ለበላው ልጅ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየችን።

«ራስ ላይ ተሸክሞ ማሽከርከር የለም» አለች። «ጨውና አመድ መቀባት የለም። ሆዱን መርገጥ የለም። ሰዓት ነው የምታባክኑት።»

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «እናቱስ?» አሉ።

«እናቱ ምን?»

«እናቱ ከነካችው አይነሳም ይባላላ።»

አሠልጣኟ መነጽሯን አውልቃ አየቻቸው። «እማማ፣ ከሁሉ ቅርብ ያለችው እናቱ እኮ ናት። እሷ ካልነካችው ማን ሊነካው ነው? ፖሊስ?»

አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምናልባትም ከሁሉም ጮክ ብዬ። ተራዬ ሲደርስ አሻንጉሊቱን አጋደምኩ፣ አገጩን ቀና አደረግኩ፣ አፉን በአፌ ገጥሜ ተነፈስኩ፣ ደረቱን ተጫንኩ። «እጅሽ የተባረከ ነው! ሁላችሁም እሷን እዩ» አለች። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ። የሰጡን ዓሣ ተበላሽቶ መሆን አለበት። ሌላ ሰው ግን ምንም አልሆነም፤ የእኔ ሆድ ነው ደካማ።

ለማንኛውም እንዲህ ያለ የአሮጊት ወሬ አላምንም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ።

ጆይሽቶ 12

ሹርማ ነገር መቆፈር ትወዳለች። «አፓ፣ ጆባን ለምን ሁልጊዜ አያቷ ያጥቧታል? አንቺ ቆመሽ ፓምፑን ብቻ ነው የምትጫኚው» አለችኝ።

ምን ልበላት። የአማቴ እጅ ለስላሳ ነው፣ ልጅቷም ለምዳዋለች። የእጅ ፓምፑ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ኩሬ ዳር ስንሄድም ጆባን አልሸከማትም፤ ወገቤን ያመኛል፣ ልጅቷ ከብዳለች። ገበያ ስሄድ ግን ይዣት ነው የምሄደው። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለብቻቸው ትቼባቸው ብሄድ ማስቸገር ነው።

ጆባ ወገቧ ላይ ቃጭል ታስራለች፣ እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ። ቃጭሉ ዝም ካለ እናት ድስቷን ትታ ትሮጣለች። አማቴ ይህን ቃጭል አንድም ቀን አያወልቁላትም፤ ስትተኛ እንኳ። እኔ ደግሞ ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር እነቃለሁ። አንድ ቀን «ሌሊቱን እንኳ ብናወልቅላት» ብላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

ሮቶንም ነበረው። ውሃ የበላው ቀን ግን ቃጭሉ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነው የተገኘው። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ማን እንዳወለቀለት አልጠየቅኩም። ጠይቄስ ምን ላገኝ?

ጆይሽቶ 16

ማዶ መንደር አንዲት ልጅ ውሃ በላት። እናቷ ዓሣ ስትጠብስ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ልጅቷ ዳክዬ ልትይዝ ነበር አሉ።

አማቴ ወሬውን ከሰሙ ጀምሮ ምግብ አልቀመሱም። ቀትር ላይ መንደሩ ሁሉ ጋደም ሲል እሳቸው እንደ ሁልጊዜው የኩሬው ደረጃ ላይ ዱላቸውን ይዘው ተቀመጡ። የፓን ቅጠላቸውን ያላምጣሉ፣ ውሃውን ያያሉ። «ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ እማማ» አልኳቸው። «እንቅልፍ ለወጣት ነው» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይቺን መልስ ነው የሚሰጡኝ።

ጆይሽቶ 18

ዛሬ ማቆያው ውስጥ ባዶ ምንጣፍ አለ። ሁለት እህትማማቾች ቀሩ። ሳል ነው ተባልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱም ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ አየኋቸው፤ የሳል ምልክት የላቸውም። በኮሌታቸው ጎትቼ ቤታቸው አደረስኳቸው። እናትየዋ ዐይኔን ሳታይ ተቀበለችኝ።

ጆይሽቶ 19

ሌላም ቀረ። የሆድ ቁርጠት።

ጆይሽቶ 21

አሁን ገባኝ። ፓምፑ ጋ ባልዲዬን ይዤ ስደርስ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ።

«የማዶዋን ልጅ እኮ እናቷ ነክታት ነው አሉ። ባትነካት ትነሳ ነበር።»

«የእኛዋስ? የገዛ ልጇን በእጇ ነክታ ጨርሳ፣ ዛሬ የሰው ልጅ ጠባቂ ሆነች። እጇ ገደቢስ ነው። እኔ ልጄን አልሰጥም።»

ባልዲዬን ጣል አደረግኩት። ዞር ሲሉ ክው አሉ። አንደኛዋ ቶሎ ብላ «ውሃው ዛሬ ቀጭን ነው፣ ባቢ» አለች፤ እንደ ወንድሟ ሚስት አክብራ መጥራቷ ነው። «ወሬያችሁ ወፍራም ነው፣ ይበቃችኋል» አልኳት። ደግ መልሻለሁ። ቤት ስገባ ግን ባልዲውን ባዶውን ይዤ እንደመጣሁ አየሁ።

ማታ ይህን ስጽፍ እጄን አየዋለሁ። ተራ እጅ ነው። ጥፍሩ አጭር፣ አውራ ጣቱ ላይ የቢላ ጠባሳ። ያን ቀን ከወፍጮ ቤት ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሮቶን መሬት ላይ ነበር። ሴቶቹ ያዙኝ፤ ወገቤን፣ ክንዴን፣ ፀጉሬን። «አትንኪው! አትንኪው!» አንዷን ነክሼ አመለጥኩ። ጉንጩን ነካሁት። ያን ብቻ ነው ያደረግኩት። ጉንጩን።

አላምንም ብያለሁ። ታዲያ ለምን እጽፈዋለሁ?

ጆይሽቶ 23

ኮሂኑር ራሷ መጣች። ቢያንስ እሷ በሳልና በቁርጠት አላመካኘችም፤ ግልጽ ሴት ናት።

«ባቢ፣ አይክፋሽ» አለች በሩን ሳትገባ።

«እንዲህ ተብሎ ተጀምሮ ያልከፋኝ ነገር የለም። ተናገሪ።»

«ላቡን ለጥቂት ጊዜ ቤት ላውለው። አማቴ እያስቸገረችኝ ነው።»

«አማትሽ ናት ወይስ አንቺ?»

ላቡ ቀሚሷን ይዞ ወደ ውስጥ ያያል፤ ኳሱ እኔ ጋ ነው። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ታውቂዋለሽ ይሄን።»

«ስለማውቀው ነው የምለምንሽ። እኔን ጥዪኝ፣ ስደቢኝ፣ ልጁን ግን እዚህ አውይው። በሩ ይዘጋል፣ ኩሬ የለም። አንቺ ቤት ከምድጃሽ እስከ ኩሬው አንድ የሙዝ ተክል ነው ያለው።»

«እጠብቀዋለሁ።»

«የማዶዋም እናት ትጠብቃት ነበር። ግን ዓሣውም ያርራል።»

ይህንን ማለት አልነበረብኝም። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ልጁን አቅፋ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ላቡ በትከሻዋ ላይ እጁን እያወዛወዘ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ሞኙ።

ጆይሽቶ 26

ሀሩን ከዳካ ደወለ። ባሌ ስሜን አይጠራም፤ እዚህ ባል ሚስቱን በበኩር ልጇ ነው የሚጠራት። ከሁለት ዓመት በፊት የሮቶን እናት ነበርኩ። አሁን የጆባ እናት ነኝ።

«የጆባ እናት፣ ያን ሥራ ተዪው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ነው። ወሬ ከመርከብ ይፈጥናል።»

«እኔ ስተወው ልጆቹን ማን ይጠብቃቸዋል?»

«ያንቺ ልጆች አይደሉም።»

ልመልስለት የምፈልገው ብዙ ነበር። እሱም አወቀ። ያን ጊዜ ከዳካ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ለቀብር ሲደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «እውነት ነክተሽዋል?» አዎ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሮቶን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ጥሩ ባል ነው። አይመታም፣ አይሳደብም። ብቻ ያቺ ጥያቄ እስካሁን ቤታችን ውስጥ ተቀምጣለች።

ጆይሽቶ 30

ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ዞርኩ። «ቃጭል እሰሩላቸው፣ ደጁን በቀርከሃ አጥሩ» እያልኩ። አንዷ ሙሪ፣ የፈነዳ ሩዝ፣ አቀረበችልኝ፣ አንዷ ውሻ ለቀቀችብኝ ማለት ይቻላል። ኮሂኑር ቤት ላቡ ወገቡ ባዶ ነው።

«ቃጭሉስ?»

«ያሳክከዋል። ደግሞ ልጄ ፍየል ነው እንዴ?»

«ፍየል ቢሆንማ ይዋኝ ነበር» አልኳት። መሳቅ ፈልጋ ተወችው።

ልጁ ኩሬው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ በቀጭን እንጨት ውሃውን ይገርፋል። አንስቼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት። ገና ግቢውን ሳልወጣ ተመልሶ እዚያው።

አሻር 1

ዝናብ። ዝናብ። አሻር፣ የክረምቱ ወር፣ ገባ፤ ኩሬውና መንገዱ አንድ ሆኑ። የቀሩኝ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ሹርማ ተራ በተራ እያቀፈች ትዘፍንላቸዋለች። የማይመጡት የት እንዳሉ አላውቅም። አለማወቁ ነው የሚገድለኝ።

አሻር 4

አማቴን ጠየቅኳቸው። ሩዝ እየለቀምን ነበር።

«እማማ፣ 'ነካችው' የሚለውን ወሬ መጀመሪያ ማን ነው ያወራው? ያን ቀን ግቢ ውስጥ የነበሩት የእኛው ሰዎች ናቸው።»

ሰፌዱ ከእጃቸው አዘነበለና ሩዙ ተበተነ። «ሰው ነዋ» አሉ። «ሰው አፍ አለው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው እህል በእህል ሲለቅሙ ብዙ ቆዩ። ላግዛቸው ብል እጄን ገፉት። እያረጁ ነው። ባልጠየቅኳቸው ጥሩ ነበር።

አሻር 8

ዛሬ መጻፍ አልችልም። ላቡ በሕይወት አለ።

አሻር 9

ትናንት ሹርማ አልመጣችም፤ ሊያጯት የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩባት። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ጠዋት አባራ። ከልጆቹ ጋር ብቻዬን ነበርኩ፣ ጆባም አለች። አዛን ገና አላለም። አማቴ በኩሬው በኩል ሲሮጡ አየኋቸው። በዚያ ጉልበት! ዱላቸው የለም፣ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም።

«ላቡ» አሉ። «አሁን ከኩሬው አወጡት።»

ቆምኩ። ከዚያ ማዶ የሴቶች ዋይታ ይሰማል። እግሬ ሊሮጥ ይላል፣ እጄ መቀርቀሪያውን አይለቅም። እነዚህን ሁሉ ልጆች ለማን ትቼ? ያሉት አማቴ ብቻ ናቸው። ጆባንም ለብቻቸው ትቼላቸው አላውቅም። በጉልበታቸው ምክንያት ነው ብያለሁ።

አማቴ ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

«ሂጂ» አሉ። «አልተኛም።»

በሩን ከኋላዬ ሲቀረቅሩት ሰማሁ። ሮጥኩ።

የኮሂኑር ግቢ ሰው በሰው ሆኗል። አጎት ጆሊል፣ መንደሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ልጁን በሆዱ ራሳቸው ላይ አጋድመው ይሽከረከራሉ። እጅና እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወናጨፋል። አንዲት ሴት ጨው ይዛለች። ሌሎቹ ኮሂኑርን ጨምድደው ይዘዋታል፤ እንደ እኔው ወገቧን፣ ክንዷን፣ ፀጉሯን።

«አጎቴ፣ ያውርዱት!»

«ዞር በይ! ውሃው እየወጣ ነው!»

«የሚወጣው ነፍሱ ነው፣ ያውርዱት!»

አላወረዱም። ዘለልኩና ልጁን ጎተትኩት። ጢማቸውንም ሳልይዝ አልቀረሁም። ሻሼ ወደቀ። «እብድ ናት!» «ገደቢሷ መጣች!» ሲሉ እየሰማሁ ላቡን መሬት ላይ አጋደምኩት። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። አፉን ጠረግኩ፣ አገጩን ቀና አደረግኩ፣ ተነፈስኩ። ደረቱ ከፍ አለ፣ ወረደ። ደግሜ ተነፈስኩ። ከዚያ መጫን ጀመርኩ፣ እንደ አሻንጉሊቱ። አሻንጉሊቱ ግን የማንጎ ሽታ አልነበረውም።

ምንም የለም። እየተጫንኩ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ጭንቅላቱ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ይጋደልብኛል፣ የሚይዝልኝ ሰው ፈለግሁ። ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ማንም አልተጠጋም።

«ኮሂኑር! ነይ ራሱን ያዢልኝ!»

ጩኸቱ አንድ ላይ ነው የመጣው። «እናቱ አትንካው! ይሞታል! እናቱ አትንካው!» የያዟት ሴቶች ግን ከድንጋጤ ይሁን እንጃ ለቀቋት። እሷ አልመጣችም። ሁለት እጇን ከጀርባዋ ደበቀች፣ እንደ ሰረቀ ልጅ።

«አልነካውም» አለች። «ባቢ፣ አልነካውም፣ ይሞትብኛል።»

ያኔ ከአፌ የወጣው የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም። «እኔ የራሴን ነክቻለሁ! ስነካው ቀዝቅዞ ነበር። ሰማሽ? ጉንጩ ቀዝቅዞ ነበር! ቀድሞ ነው የሞተው፣ እኔ አይደለሁም የገደልኩት! ነይ ልጅሽን ያዢ!»

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለራሴም። መጫኔን ግን አላቆምኩም።

ኮሂኑር በጉልበቷ እየዳኸች መጣች። ራሱን በሁለት እጇ ያዘች። ተነፈስኩ። ተጫንኩ። ተነፈስኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ መቁጠሬን ትቼ ነበር። እሷ «ላቡ፣ ላቡዬ» ትለዋለች። ድንገት ሆዱ ተኮማተረና ውሃና ሩዝ እጇ ላይ ተፋ። ከዚያ አለቀሰ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

በባጃጅ ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ። እናቱ ጭኗ ላይ አድርጋው። ማንም አትንኪው አላላትም።

ወደ ማቆያው ተመለስኩ። አማቴ በሩን ከውስጥ ተደግፈው ቆመዋል። ልጆቹ ሁሉ ከበዋቸዋል፤ ጆባ ቀሚሳቸውን ይዛለች። አዛን አልፎ የሦስት ልጆች እናቶች ከውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። «እስክትመጪ ለማንም አልሰጥም አሉን» ብለው ከሰሱልኝ። አማቴ ያን ሁሉ ጊዜ አልተቀመጡም ነበር።

አሻር 11

መንደሩ ምን ያወራል? ላቡ ስለ መዳኑ? ኧረ የት! ሻሼ ስለ መውደቁና የአጎት ጆሊልን ጢም ስለ መያዜ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «የያዘው የኩሬው ጂን ቀድሞውኑ ለቆት ነበር» ይላሉ። አጎት ጆሊልን ለይቅርታ ሄድኩ። ጢማቸውን እያሻሹ «ከሥሩ ልትነቅይው ምንም አልቀረሽም» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ትንፋሽ ለእኔም ታሳዪኛለሽ?» አሉ።

ማታ ሀሩን ደወለ። ወሬው እዚያም ደርሷል።

«እናቱ ነክታዋለች አሉ።»

«ነክታዋለች።»

«ራሱን?»

«ራሱን ነው የያዘችው። እጇ ላይ ነው የተፋው።»

«እና ... አለ?»

«አለ። ዛሬ ሩዝ በልቷል።»

የዳካ መንገድ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«የሮቶን እናት» አለኝ። ከዚያ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» አለ። ካርዱ ግን አላለቀም፤ ሳይዘጋው ብዙ ጊዜ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም አልዘጋሁትም።

አሻር 14

ጠዋት ኮሂኑር ላቡን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ወገቡ ላይ አዲስ ቃጭል አለ። አላመሰገነችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። እጄን ይዛ የልጁን እጅ በላዩ አስቀመጠች፣ ከዚያ ሄደች። ላቡ በቀጥታ ወደ ኳሱ። ሁለቱ እህትማማቾችም መጡ። ሌሎቹ ገና ናቸው።

አመሻሽ ላይ ጆባን ልናጥባት ወደ ፓምፑ ወጣን። እንደ ልማዴ እጀታውን ልይዝ ስል አማቴ ቀደሙኝ።

«ዛሬ እኔ ልጫን።»

«ጉልበትዎ እኮ ...»

«ፓምፕ በእጅ ነው የሚጫነው። አንቺ እጠቢያት።»

ጆባ ራቁቷን ቆማ ሁለታችንን ታያለች። ልብሷን አስቀምጬ ቃጭሏን ልፈታ ገመዱን ስይዝ የአማቴ እጅ እጄ ላይ አረፈ።

«እሱን ተዪው» አሉ። «አንድ ጊዜ የሮቶንን አውልቄ ነበር። ድምፁ እንቅልፍ ነስቶኝ።»

እኔን አላዩኝም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። የሚቀጥለውንም እኔ ሳልጠይቅ ተናገሩት። «ከውሃው ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሳትደርሺ በፊት ቀዝቅዞ ነበር። ሰው 'ለምን አልተነሳም?' ሲለኝ ግን 'እናቱ ነካችው' አልኩ።»

ልጮህባቸው ፈለግሁ። ልመታቸውም ፈለግሁ፤ እዋሽ ይሆን ለገዛ ደብተሬ? ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን እንደ እባብ ስሸሸው ኖሬያለሁ። እሳቸው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀትር ላይ ዐይናቸውን ሳይከድኑ የኩሬው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም አውቃለሁ። የትኛው እንደሚበልጥ ግን አላወቅኩም፣ አሁንም አላውቅም።

«እማዬ፣ በረደኝ» አለች ጆባ።

«ይጫኑ እንጂ፣ እማማ» አልኩ። «ልጅቷን በረዳት።»

ተጫኑ። ውሃው መጣ። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ፤ ሞቃት ነበረች። ትከሻዋን፣ ሆዷን፣ ከጆሮዋ ኋላ አሸኋት። ቃጭሉ እርጥብ ሆኖ ይንቃጨላል። ጆባ ሳሙናው እንዳይገባባት ዐይኗን ጨፍና ቆማለች።

«እጅሽ ይሻክራል» አለች። «የአያቴ ይሻላል።»

አማቴ ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ፓምፑን መጫን ቀጠሉ። እኔም ፀጉሯን ማጠብ ጀመርኩ።